«ነገ ደውል» ከተባለ በኋላ

ስሜን አትጠይቀኝ፤ የምሠራበትንም ቤት አልነግርህም። አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከሚሸጡና ከሚጠግኑ ቤቶች በአንዱ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ብዙ ቁልፍ ተቀብያለሁ፤ ይህን ያህል ማወቅህ ይበቃል። ሞተርህን እየገፋህ ስትመጣ ጆብ ካርዱን የምሞላልህ እኔ ነኝ። ከሳምንት በኋላ «አለቃ፣ ደረሰልኝ?» ብለህ ስትደውል «ነገ ደውል» የምልህም እኔው ነኝ። እንዲያ የምልህ ደብቄህ አይደለም፤ መልሱ እኔ ጋ ስላልደረሰ ነው። የት ላይ እንደቆመ ግን አውቃለሁ፤ ዛሬ በጆሮህ የምነግርህም እሱን ነው።

ደንበኛ ሁሉ የሚናደደው መካኒኩ ላይ ነው። መካኒኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ፒስተንና ፋሻ መቀየር፣ ፍሪሲዮን ፈትቶ መግጠም፣ ቦቢና መለወጥ፣ ዕቃው እጁ ላይ ካለ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። ቀኑን የሚበላው ወረቀቱ ነው። ጋራንቲ ሲሆን መካኒኩ «ይሄ ዕቃ ሄዷል» ስላለ ብቻ አይቀየርልህም። የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ፎቶ ይነሳል፣ ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል፣ የሰርቪስ ደብተርህ ይገላበጣል፣ የተበላሸው ዕቃ ተፈትቶ በየአቅጣጫው ይቀረጻል። ይህ ሁሉ ተጠርዞ ወደ አስመጪው ይሄዳል። ነገሩ ከበድ ያለ ከሆነ አስመጪው ለፋብሪካው ይልካል። ፋብሪካው ጥፋቱን እስኪያምን ድረስ ሞተርህ ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል።

ከዚያም ሌላ ጣጣ አለ፦ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይኖራል ወይስ አይኖርም? ካለ በሁለት ሦስት ቀን ትወጣለህ። ከሌለ ግን ባንክ አለ፣ መርከብ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ አስመጪው ሁሉ እጁን ሰብስቧል። አንድ ቦቢና ብቻ ለማስመጣት ማንም ዶላር አይፈልግም። ጥያቄዎች እስኪጠራቀሙ ጠብቆ አንድ ላይ ያዛል። አንተ የመጀመሪያው ጠያቂ ከሆንክ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የሌሎቹ እስኪበላሽ መጠበቅህ ነው።

ስለዚህ «መቼ ያልቃል?» እያልክ አትጠይቀኝ፤ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለኝ፣ ሰምተኸዋል። ይልቅ እንዲህ በለኝ፦ «ጥያቄው ለአስመጪው የተላከው በየትኛው ቀን ነው? ተፈቅዷል? ዕቃው መጋዘን አለ ወይስ ታዟል?» እነዚህን ስትጠይቀኝ ኮምፒውተሩን መክፈት ግድ ይለኛል። ስከፍተው ደግሞ አንዳንዴ የማገኘው የአንተ ፋይል ጭራሽ እንዳልተላከ ነው። ፎቶው ደብዝዞ ተመልሶ ይሆናል፤ የሻንሲ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ይሆናል፤ የላከው ልጅ ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት ሳምንት የቆመ ሞተር አይቻለሁ። ባለቤቱ በየቀኑ ይደውል ነበር፣ እኛም በየቀኑ «ነገ» እንለው ነበር፣ ፋይሉ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም ነበር። ጥያቄው የተላከበትን ቀን ጆብ ካርድህ ላይ አስጽፍና ቅጂውን ፎቶ አንሥተህ ያዝ። ከዚያ በኋላ ስትደውል «በዚህ ቀን ተልኮ ነበር፣ ምን ተባለ?» ስትል ድምፅህ ይለወጣል፤ የእኛም ይለወጣል።

አሁን ደግሞ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ዕቃ የሚጠብቅ ሞተር ብቻውን አይቆምም፤ ሲለመን ይቆማል። አንዱ ደንበኛ ሊወጣ የቀረችው አንዲት የፍሬን ሽቦ ወይም አንድ ማብሪያ ስትሆን፣ መካኒኩ ዓይኑን ወደ ጥግ ይወረውራል። «ይሄኛው ገና ነው፣ ለጊዜው ከሱ እንዋስ።» ይዋሳል። የተዋሰውን የሚመልሰው ደግሞ አዲስ ሲመጣ ነው፤ ሲመጣ። ክፋት አይደለም፣ ሥራ ማቅለያ ነው፤ ግን የአንተ ሞተር ስትረከበው ባትሪው ያንተ ላይሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስታስገባ ፎቶ አንሣ፦ ባትሪውን ከነቁጥሩ፣ ሁለቱን ጎማ፣ መስታወቶቹን፣ የመፍቻ ቦርሳውን፣ የነዳጁን መጠን፣ ኪሎ ሜትሩን። ሁሉንም እኔ ፊት አንሣ። ፎቶ ሲያነሣ ካየነው ሰው ሞተር ማንም አይዋስም፤ የመቀበያ ሰው ቃሌን ሰጥቼሃለሁ።

ሞተርህ ብዙ የሚቆም ከመሰለህ የባትሪውን ኔጌቲቭ እንዲነቅሉልህ ጠይቅ፤ አለዚያ ስትመለስ ባትሪው ሞቶ ታገኘዋለህ፣ ባትሪ ደግሞ በብዙ ቤት ጋራንቲው አጭር ነው ወይም ጭራሽ የለውም። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ የቆመው ቤንዚን እንዲንጠፈጠፍ አድርግ። ተኖ የሚቀረው ዝቃጭ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናትና «ጠግናችሁ ሰጣችሁኝ፣ አሁን ደግሞ አልነሣም አለኝ» ብለህ ትመጣለህ፤ እኛም ይህን ጋራንቲ አይሸፍነውም እንልሃለን፣ ትክክልም እንሆናለን። ቦሎህ የሚያልቅበትን ቀንም አስብ፤ ሞተሩ ጋራዥ ቢያድርም ቀኑ ይቆጥራል።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበልህ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኛው አዲስ ሞተር ገዝቶ ለመለማመድ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ድምፁ ቢያጠራጥረውም «አዲስ ስለሆነ ነው» ይላል፣ እኛም «አዎ፣ ይለምዳል» እንላለን። ለመጀመሪያው ሰርቪስ ሲመጣ 15ቱ ቀን አልፏል። ከዚያ ወዲያ የሚያስተዳድርህ የጋራንቲ ወረቀትህ ነው፤ እሱ ደግሞ ወይ በጊዜ ወይ በኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በሞላው ይዘጋል። ፍሬን ሸራ፣ ካቴና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ አምፖል አያካትትም። ሰፈር ያለው መካኒክ ዘይት ከቀየረልህና ደብተርህ ላይ ማኅተም ከሌለ፣ አስመጪው ፋይልህን የሚመልስበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ሞተሩ እኛ ጋ የቆመበት ጊዜ በጋራንቲው ላይ ይጨመርልኝ ብለህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ እምቢ አይባልም፣ ግን ሳይጠየቅ አይሰጥም፣ ካልተጻፈም አይታወስም።

ይህ የእኛ ጓዳ ነው። አሁን ወደ አንተ ጎዳና እንውጣ፤ ቁልፉን ሰጥተኸኝ ከበር ስትወጣ የሚገጥምህ ጥያቄ ነገ ጠዋት በምን ልሂድ የሚለው ነውና።

መጀመሪያ የሚመጣልህ ሐሳብ የጓደኛህን ሞተር መዋስ እንደሆነ አውቃለሁ። ተወው። የከተማው አስተዳደር ሞተሮች ለወንጀል እየዋሉ ነው ብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ካገደና ፈቃድ ያላቸውን ብቻ ከለየ ወዲህ፣ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ትራፊክ ፊት ከመኪና ነጂ ይልቅ ብዙ ወረቀት ይጠየቃል። ሊብሬው በሌላ ስም፣ ፈቃዱ በሌላ ድርጅት፣ አንተ ደግሞ ኮርቻው ላይ። አደጋ ቢደርስማ የኢንሹራንሱ ክርክር ጓደኝነቱንም ይዞት ይሄዳል። እስከዚያ የምንሰጥህ ምትክ ሞተር እኛም የለንም። ለማሳያ የቆመችውን አንዷን ለዘመድ ሲሰጧት አይቼ አውቃለሁ፤ አንተ ግን ዘመድ አይደለህም።

ክፍለ ከተማችን ለሁለት እንደተከፈለ ሞተር ላይ ሆነህ አይታወቅህም። በምሥራቅ በኩል የደብረ ዘይትን መንገድ ተከትሎ ላንቻ፣ ንፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ አለ፤ እዚያ ባቡር አለ። በምዕራብ በኩል ደግሞ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም አለ፤ እዚያ ባቡር የለም፣ ሰልፍ አለ። ከጀሞ እስከ ዊንጌት ይዘረጋል ስለተባለው ፈጣን አውቶቡስ ለዓመታት ሰምተናል፤ እሱን ተማምነህ ከቤት አትውጣ።

የሳሪስ ሰው ከሆንክ ዕድለኛ ነህ፣ በልክ። የሰሜን ደቡቡ ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከቃሊቲ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ ያደርስሃል ተብሎ ነበር፤ ዛሬም ያደርሳል። ግን ለከተማዋ ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ለዓመታት የቆሙት በምን ምክንያት መሰለህ? በመለዋወጫ። እኛ ጥግ እንደቆመው ሞተርህ ማለት ነው፤ አንዱ ከሌላው እየተዋሰ ስለመሆኑ ግን እኔ የማውቀው የራሴን ጓዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከሉ ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ሲመጣም ሞልቶ ይመጣል። ጠዋት ሳሪስ ወይም አደይ አበባ ጣቢያ ላይ ቆመው በሩ ተከፍቶ ሲዘጋባቸው የሚያዩ ሰዎች አሉ። የለመዱት ግን ወደ ኋላ ሄደው ከአቦ ወይም ከራሱ ከቃሊቲ ይሳፈራሉ። የሚያባክኑትን ጊዜ ቆመው ከሚጠብቁት ጋር ሲያነጻጽሩት አይከስሩም፣ ቁጭ ብለውም ይሄዳሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ቃሊቲም አቦም አንድ ነው፤ ያን ቀን ታክሲ ነህ።

የጀሞና የለቡ ሰው ነገሩ ይከብደዋል። ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሰለፈውን ሕዝብ ሞተር ላይ ሆነህ በጎን ስታልፈው ነበር፤ አሁን የሰልፉ ጅራት ነህ። የታክሲ ተራ ሠራተኛ የሚያውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከእነሱ ጋር ምሳ ስለምበላ ነው። በጠዋቱ ሁሉም ሰው በጀርመን አደባባይና በመካኒሳ በኩል ወደ ሳር ቤትና ሜክሲኮ ነው የሚሄደው። በተቃራኒው ወደ አየር ጤና የሚሄደው ታክሲ ቦታ አይጠፋበትም። ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች ቅርብ ነው፤ ጦር ኃይሎች ደግሞ የምሥራቅ ምዕራቡ ባቡር መነሻ ነው። ከመነሻው ስለምትገባ መቀመጫ ታገኛለህ፣ በልደታ፣ በሜክሲኮና በስታዲየም አድርጎ እስከ አያት ይሄዳል። መገናኛ የምትሠራ ከሆነ በተለይ ይህ መንገድ በካርታ ሲያዩት ዞሮ የሚሄድ ይመስላል እንጂ በሰዓት ሲለኩት ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ሃና ማርያም ለምትኖረው ደግሞ በቀለበት መንገድ ወደ ሳሪስ አቦ የሚወስድ ታክሲ ይሻልሃል፤ ከዚያ ባቡሩን ትይዛለህ።

ታክሲ ስትይዝ የሞተር ሰው የሚሠራው ስሕተት አለ። ሞተረኛ ሰልፍ ስለማይወድ መንገድ መሐል ቆሞ ያለፈውን ሁሉ ያስቆማል። በጠዋትና በማታ መሐል መንገድ ላይ ባዶ ታክሲ አይመጣም፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ያወዛውዝልህና ያልፋል። ወደ መነሻው ሂድ። ታፔላውን እይ፤ በተመደበበት መስመር ሳይሆን «እስከ ሳር ቤት ብቻ» እያለ መንገዱን ለሁለት ቆርጦ ሁለት ሂሳብ የሚቀበል ካለ ለተራ አስከባሪው ንገረው። ላይሰማህ ይችላል፤ ግን ሰልፉ ውስጥ ካሉት አንድ ሦስት ሰዎች አብረው ከጮኹ ይሰማል። ማታ የጀሞ ሰልፍ ሜክሲኮ ላይ ሲጠመጠም፣ አብረውህ ከተሰለፉት ውስጥ ሦስት ሰው ፈልገህ ራይድ ወይም ፈረስ ታክሲ ጠርታችሁ ሂሳቡን ተካፈሉ። ሰልፍ ላይ የተዋወቁ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ይህን በየማታው ሲያደርጉት አይቻለሁ። ዝናብ ከጀመረ ግን ዋጋው አብሮ ስለሚነሣ፣ ደመናውን አይተህ ቀድመህ ጥራ።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ አንድ የረሳኸው ነገር አለ፦ ኪስህ ያለው መታወቂያ። ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የመንግሥት ሠራተኛውን በነፃ ያመላልሳል። ሞተር ከገዛህ ወዲህ የት እንደሚቆም እንኳ ጠፍቶህ ይሆናል፤ ጎረቤትህን ጠይቅ፣ ጠዋት ጨለማ ሳለ የሚወጣው ጎረቤትህ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሰዓቱን ግን ያከብራል፤ «መጣሁ» ብለህ የምታስጠብቀው አይደለም። የከተማው አውቶቡስም ቢዘገይም ርካሽ ነው፣ ሻንጣና ከረጢት ለያዘ ሰው ደግሞ ከሚኒባስ ይሻላል።

ለሰፈር ውስጥ ጉዳይ ባጃጅ አለ፣ እሱን ታውቀዋለህ። ብስክሌትስ ካልከኝ፣ በጀሞና በለቡ መካከል ያለው መሬት ለጥ ያለ ስለሆነ የብስክሌት መስመር ተሠምሮለታል፤ አንዳንድ ቦታ መኪና ቆሞበት ወይም ቲማቲም ተዘርግቶበት ታገኘዋለህ። ወደ ሥራ ለመሄድ ባይሆን እንኳ እስከ ታክሲ ተራው ያደርስሃል። ላፍቶ ዳገት ላይ ያለህ ግን ብስክሌቱን ተወውና ጫማህን አሳምር።

ሞተሩ መጓጓዣ ሳይሆን እንጀራ የሆነበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች መቀበያው ላይ ሲመጡ ፊታቸውን አይቼ አውቃቸዋለሁ፤ «መቼ ያልቃል» አይሉም፣ «ዛሬ ስንት ሰዓት» ነው የሚሉት። ለእነሱ የምለው እንዲህ ነው፦ የፈቃድ ወረቀታችሁንና የሥራ ደብዳቤያችሁን ከጆብ ካርዱ ጋር አያይዟቸው። የሥራ ሞተር መሆኑ ፋይሉ ላይ ሲታይ አስመጪው ጋ ያለው ሰው ቀድሞ ያየዋል፤ ደንብ ሆኖ አይደለም፣ ሰው ስለሆነ ነው። በዚያ መሐል ከሌላ ነጂ ጋር ፈረቃ የሚገቡ አሉ፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ፣ በአንዱ ድርጅት ፈቃድ ሥር እስከሆኑ ድረስ ያስኬዳል። እግረኛ ሆነው ቦርሳ ይዘው በባቡር መስመሩ ላይ ብቻ ትእዛዝ የሚቀበሉም አይቻለሁ፤ ከሳሪስ እስከ ስታዲየም ላለው ትንሽ ፖስታ ባቡር ከሞተር አይዘገይም፣ በመጣ ጊዜ።

ወደ ኤሌክትሪክ ልዙር የሚሉኝም በዝተዋል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል እንዳይገባ ካስታወቀ ወዲህ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ነው፤ ዶዳይን የመሰሉ እዚሁ አዲስ አበባ ባለ ሁለት ጎማ ኤሌክትሪክ የሚገጣጥሙ ድርጅቶችም መጥተዋል። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ የሚበላሸው ዕቃ ያንሳል። ግን ስትገዛ ጋራንቲውን ከፋፍለህ ጠይቅ፦ የባትሪው ስንት ነው፣ የሞተሩ ስንት ነው፣ የቻርጀሩና የኮንትሮለሩ ስንት ነው? አንድ ቁጥር ብቻ ከነገሩህ የነገሩህ ረጅሙን ነው። መለዋወጫው የት መጋዘን እንዳለም ጠይቅ፣ ቢቻል ሄደህ እየው። ኤሌክትሪክም ቢሆን ዕቃ ከሌለው እኔ ጋ ጥግ አለ።

ስልክህ ጮኾ «ደርሷል፣ ና ውሰድ» ስልህ በደስታ ፈርመህ አትውጣ። በምሳ ሰዓት ወይም ልንዘጋ ስንል እንድትመጣ የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ጊዜ ማንም ብዙ አያይም። ጠዋት ና። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በል፤ ለአንተ አይሰጥህም፣ ወደ አስመጪው ስለሚመለስ፣ ግን መታየት አለበት። መጀመሪያ ያነሣኸውን ፎቶ አውጣና ባትሪውንና ጎማውን አስተያይ። ከፊርማ በፊት ንዳው፤ በሜዳው ሳይሆን ዳገት ባለበት፣ ማርሽ በሚቀየርበት፣ ፍሬን በሚያዝበት። ቢያንስ ሞቆ እስኪመለስ ድረስ። የተቀየረው ዕቃ ጋራንቲ ከዛሬ ይጀምራል ወይስ ከሞተሩ ጋር ያልቃል ብለህ ጠይቀህ መልሱን ጆብ ካርዱ ላይ አስጽፍ። ከዚያ ፈርም።

እና ከበር ስትወጣ በቀጥታ ማደያ ግባ። ስታስገባ የነበረው ነዳጅ ለሙከራ አልቋል፤ የተረፈው እስከ ማደያው ብቻ የሚያደርስ ነው፣ እሱንም ለክተን ነው የምንተወው።